የበረኛው ካናቴራ

የእግር ኳስ ክለብ አለቆች ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቤተሰብ! የዚያን ቤተሰብ ካልሲ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ቤተሰብ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮተርዳም ውስጥ በአንድ ትልቅ ክለብ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ክፍላችን ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። ላይ ሕዝቡ ሲዘል ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ጎል መግባቱን እናውቃለን። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ቅርጫቱ ይወርድልናል። ተጫዋች ካልሲውን እንደ ሰው አያወልቅም። ከነጭቃው፣ ከነፋሻው ገልብጦ፣ አንከባሎ ይወረውረዋል። ያንን አንድ በአንድ መመለስ፣ ፋሻውን መላጥ፣ የሣሩን አረንጓዴ በሳሙና በእጅ ማሸት፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ የሚነሣው። እጄ ክረምት ከበጋ እንደተሰነጠቀ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተጫዋች ደረጃው ላይ አገኘኝና የካፌዋ ሠራተኛ መስዬው ቡና አዘዘኝ። ማሊያውን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥብለት ነበር።

ከማጠቢያው ቀጥሎ ባለው ክፍል የታኬታ ጫማ የሚያጸዱት ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። አሥመራ ተወልደው፣ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ ጎልምሰው፣ ከብዙዎቻችን በፊት ሆላንድ የገቡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ የደሴ አማርኛ ይልቅ የተሞረደ ነው፤ ደችም እንደ ውሃ ይወርድላቸዋል። እኔ እስላም እሳቸው ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አንጋራም። ስለዚህ ከአንድ ሳህን እንድንበላ ብለው ዘወትር ምስር ብቻ ይዘው ይመጡ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸውንም ነገራቸውንም ዋጥ አድርገው የሚይዙ።

የሁለታችንም አለቃ ማሊያና ዕቃውን ሁሉ የሚቆጣጠረው ግዙፍ ሆላንዳዊ ነበር። ከተጫዋቾቹ ጋር ሲሆን ይስቃል፣ ወደ እኛ ሲወርድ ያፏጫል። ክፉ ነው አልልም። ክፉ ቢሆን ኖሮ አስቀድሜ እጠነቀቀው ነበር።

ያን ጊዜ ልጄ ደሴ፣ አክስቴ ዘንድ ነበረች። ትቻት ስወጣ የወተት ጥርሷ ገና ይነቀል ነበር፤ ያኔ አሥራ ሰባት ሆኗት ነበር። እሷን ለማምጣት ሁለት ነገር ያስፈልገኛል ተባልኩ። አንደኛ፣ እኔ «ፋስት ኮንትራክት» የሚሉት ቋሚ የሥራ ውል እንዲኖረኝ፤ ሁለተኛ፣ እሷ አሥራ ስምንት ሳይሞላት ጥያቄዬ እንዲገባ። ሲሞላት ልጅ መሆኗ ያበቃል፣ የእኔ ልጅነቷ ሳይቀር ያበቃል ማለት ነው፤ በእነሱ ሕግ። አለቃው «የጨዋታው ዘመን ሲያልቅ ታገኛለሽ፣ ያለቀ ነገር ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም ለልጄ ነገርኳት። ደሴ ገበያ ወጥታ ሻንጣ ገዛች።

አሁን ወደ ካናቴራው ልምጣ። በረኛው ከማሊያው ሥር የሚለብሳት አንዲት ካናቴራ ነበረችው። በውሃ አትነካም። ገዷ እንዳይሄድ ነው ነገሩ። ላቧ ላይ ላብ፣ ጭቃዋ ላይ ጭቃ። አገራቸው ባሕርን በግንብ የመለሰ ሰዎች፣ ሐኪም በሽበሽ ያላቸው፣ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡ ሰዎች የአንድ ጎረምሳ የብብት ላብ ጎል ያድናል ብለው ያምኑ ነበር። እኛ ክታብ ስናስር ኋላ ቀር ነን። እነሱ ሲያደርጉት ባህል ነው።

ታዲያ ጋሼ ከየጨዋታው በኋላ ቅርጫቱ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ካናቴራዋን ያወጡና ከማሞቂያው ቧንቧ ጀርባ ያሰጧታል። ሥራው በአለቃው ለእሳቸው የተሰጠ ነው። እኔ አላውቅም። ለምን አልነገሩኝም? ይሉኝታ ይዟቸው። ሶላቷን ለምትሰግድ ሴት «እዚህ ቤት የላብ ጣዖት አለ፣ እኔም ጠባቂው ነኝ» ማለት አሳፈራቸው። ይህን የሰማሁት ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በሚያዝያ ኤርትራውያን ለአገራቸው ነፃነት ድምፅ የሚሰጡበት ቀን ደረሰ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አሥረው ወደ ዴን ሃግ ሄዱ። እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝና ምን ልበላቸው? «መልካሙን ያድርግልዎ» አልኳቸው፣ ሳሙኝና ሄዱ። ያን ዕለት በሜዳችን ጨዋታ ነበር። ቅርጫቱ ወረደልኝ። ከሥር አንዲት ነገር አገኘሁ፤ ቀለሟ የማይለይ፣ የደረቀ ሊጥ መስላ የቆመች። ሽታዋ ዓይን ያስለቅሳል። ደሃ ቢለብሳት አዝን ነበር። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኳት፣ አሸኋት፣ እንደገና ዘፈዘፍኳት። በመጨረሻ ነጭ ሆና ወጣች። ወላሂ ደስ አለኝ! ልብስ አጣቢ ነኛ፤ ከዚህ ሌላ የሚያስደስተኝ ምን ሥራ አለኝ? አጣጥፌ ከበረኛው ማሊያ ላይ አስቀመጥኩለት።

በሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ከመልበሻ ክፍሉ የወጣው ጩኸት ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። ሰው የሞተ መሰለኝ። በረኛው ካናቴራዋን በሁለት ጣቱ ይዞ «ማነው?» ይላል አሉ። ሜዳ ገባ፣ ኳስም በእግሮቹ መሀል ሾልኮ ገባ። ተሸነፉ። ከዋንጫውም ወጡ። አለቃው ሳያፏጭ ወደ እኛ ወረደና ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንቺ ነሽ!» አለኝ። «ይቺ እንደማትታጠብ ሁሉም ሰው ያውቃል!» ሁሉም ሰው። እኔ ከሰው አልቆጠርም ማለት ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ ተጠራሁ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ሴትዮ ጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች፤ አለቃው ከጎኗ። ደች መስማት እሰማለሁ፣ መናገር ግን ገና አፌን አልፈታሁም ነበርና ጋሼ ሊያስተረጉሙልኝ መጡ። ሴትዮዋ ለስለስ ባለ ድምፅ «እስቲ ምን እንደተፈጠረ ንገሪን» አለች።

እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ነበር የገባሁት።

«ጋሼ፣ እንደዚህ ብለው ይንገሩልኝ» አልኩ። «ልብስ እንዳጥብ ነው የቀጠራችሁኝ። ቅርጫት ውስጥ ያገኘሁትን አጠብኩ። አትንኪ ያለኝ ሰው የለም፤ መንገር የነበረበትም ይኸው እዚህ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ኳሱ የገባው በበረኛው እግር መሀል ነው፣ እኔ እግር አላጥብም። ስሜን አታጥፉብኝ።»

ጋሼ አንገታቸውን ሰበር፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እጥፍ አደረጉ። ረጅም፣ ለስላሳ ንግግር ተናገሩ። ከእኔ ነገር ውስጥ አንዱንም አልሰማሁበትም። ይልቅ «ስፓይት» የሚል ቃል ሰማሁ፣ ደግመውም አሉት። ስፓይት ማለት ተጸጽቻለሁ፣ ይቅርታ ማለት ነው፤ ያንን ቃል አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «ጥፋትን ማመን ትልቅ ነገር ነው» አለች፤ ብድግ ብላም ጨበጠችኝ። እኔም ደነዘዝኩና እጄን ሰጠኋት።

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው።

«ምን ብለው ነው የነገሯት?»

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ የእኔኑ የወሎ ቃል መልሰው። «አሁን በርዳለች።»

«ጥፋተኛ ነኝ አልኩዎት እንዴ?»

«አላልሽም። ግን የተቆጣ ሰው ይቅርታ ሲሉት ይለዝባል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከለዘበ በኋላ ይታያል። በእኛ አገር...»

«በእኛ አገር!» ጮህኩ። «ይቺ ሴትዮ የእኛ አገር ሰው ናት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉኝ። «ዝም አይነቅዝም።»

ነቀዘ እንጂ። እንዴት አይነቅዝ! ያደረጉት ግን ምን እንደነበር በደንብ ይገባኛል፣ የባሰ የሚያናድደኝም እሱ ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ነገር ሊያበርድ ሲገባ በይቅርታ ይከፍታል። በዳይም ተበዳይም ዝቅ ይላል፤ ቀድሞ ዝቅ ያለ ይመሰገናል። ሌላው «ተነሺ፣ ተይው» ይላል። ከዚያ ነገሩ ይታያል፣ እውነቱም ይወጣል፣ ካሣም ካለ ይካሳል። ይቅርታ የነገር በር ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ይቅርታ ፍርድ ነው። ብለሻል፣ አለቀ። ከጋሼ አንደበት የወጣው ያገር ወግ ሴትዮዋ ጆሮ ሲደርስ የእኔ ኑዛዜ ሆነ። ካናቴራዋን የመጠበቅ ሥራ የእሳቸው እንደነበርም አልተናገሩም። ለራሳቸው ፈርተው ይሁን ለእኔ አዝነው፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

የጨዋታው ዘመን አለቀ። ሴትዮዋ አስጠራችኝና ውሌ እንደማይታደስ ነገረችኝ። «አንቺው ራስሽ ጥፋትሽን አምነሻል፣ ለዚያም እናከብርሻለን» አለችኝ። ታከብረኛለች! አለቃው ጫማውን ያያል። ጋሼ እዚያ አልነበሩም፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በረኛውን በዚያው ክረምት ሌላ ክለብ ገዛውና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ሆቴል አንሶላ ቀየርኩ። በጋ ሲሆን ይጠሩኛል፣ ብርድ ሲመጣ ይሸኙኛል። ካፔለ ውስጥ የአረጋውያን ቤት ወለል ጠረግሁ፤ እዚያም ለጥቂት ወራት ነበር። ቋሚ የሚል ቃል የሚያወጣ አሠሪ አጣሁ። ልጄ በየስልኩ «መቼ ነው እማዬ?» ትላለች፣ እኔ «በቅርቡ» እላለሁ። አሥራ ስምንት ሞላት። ያው ማመልከቻዬን አስገባሁ፣ ያው ተመለሰ። ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ «እሺ» አለችኝ። ሻንጣውን ለአክስቴ ልጅ ሰጠችው።

እኔ ግን አልቅሼ አልወጣልኝም። በዚያ ሰሞን ማንም ሰው ፊት ቆሜ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ማለት አቃተኝ። ትራም ውስጥ የክለቡን ስካርፕ ያደረገ ሰው ካየሁ ወርጄ ሌላ እጠብቅ ነበር። በጋሼም ተናደድኩ፤ ሲደውሉ ስልክ አላነሣም። ምስራቸው ታወሰኝና በምስሩም ተናደድኩ።

አንድ እሑድ ስኪዳም ያለው ቤቴ ደወል ተደወለ። ከፈትኩ፤ ጋሼ ናቸው። ሥራቸውን ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል፣ ከስተዋል። ስለ ልጄ ከሰው ሰምተዋል። እጃቸው ላይ ብርቱካን በከረጢት ይዘዋል። ድንጋይ ባይሸከሙም አመጣጣቸው ገባኝ። ሰዓቱ ደሴ የምደውልበት ሰዓት ነበርና ስልኩን ይዤ ነው በሩን የከፈትኩት፤ ወዲያ ማዶ አንሥተው ሊጠሯት ሄደዋል። ጎረቤት ቤት ያለ ስልክ ነው፣ ልጄን እስኪጠሯት ጊዜ ይወስዳል።

«ይግቡ» አልኩ፤ ሌላ አላልኩም።

ብርቱካኑን አስቀመጡና ምንጣፌ ላይ ተንበረከኩ። ዕድሜ ልካቸውን ጫማ ላይ አቀርቅረው የደከመ ጉልበት ነው፤ ሲወርድ ሲንቋቋ ሰማሁት። ነጭ ጠጉራቸው እግሬ ሥር ነው። «በደልኩሽ ልጄ» አሉ። «ያቺ ነገር የእኔ ሥራ ነበረች። አፍሬ አልነገርኩሽም፣ ከዚያ ደግሞ አፍሬ አልተናገርኩልሽም። ይቅር በዪኝ።»

እንዲህ ያለ ሽማግሌ እግርሽ ሥር ሲወድቅ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «ይነሱ» ይባላል። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

በዚያች ቅጽበት ልጄ «ሃሎ፣ እማዬ?» አለች።

«ለእኔ አይደለም» አልኳቸው። «ለእሷ ይንገሯት።» ስልኩንም ጆሯቸው ላይ አደረግሁት።

«ልጄ፣ አታውቂኝም» አሉ። «ከእናትሽ ጋር እሠራ የነበርኩ ሰው ነኝ። በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

ምን እንዳደረጉ ትጠይቃለች፣ እሳቸውም ይነግሯታል ብዬ ነበር። አንድ ሰው እንኳ እንደ እኔ እንዲናደድ ፈልጌ ነበር። የልጄ ድምፅ ግን ከስልኩ ውስጥ ፈጠን ብሎ፣ ፍንትው ብሎ ተሰማኝ።

«ኧረ በአላህ አባባ፣ እንደሱ አይበሉ! አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ! እርስዎ ግን ደህና ነዎት? ብርዱ በረታብዎ?»

ስልኩን ተቀበልኳቸው።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ማን ናቸው? ደግ ሰው ይመስላሉ።»

«ደግ ናቸው» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ። እሳቸው አሁንም ምንጣፉ ላይ ናቸው፣ አላነሣኋቸውም።