ያልወጣው ጨዋታና የአማቴ ዙምባራ

ባለቤቴ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ሳይሆን ስልኩን ነው። ስልኩ ላይ የሚያነበውም የዘመድ መልእክት ወይም የአገር ወሬ አይደለም፤ ገና ስላልወጣ የቪዲዮ ጨዋታ የተጻፈ ነገር ነው።

«በአዲሱ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሜዳው ይጨቀያል አሉ» ይለኛል፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ።

«የትኛው ሜዳ?»

«የኮሌጆቹ ነዋ! ተጫዋቹ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ማልያው ጭቃ ይይዛል።»

እኔ ክረምቱን ሙሉ የአሶሳን ጭቃ ከደጃፌ ስጠርግ ነው የምከርመው። ጭቃ ለማየት የአሜሪካ ጨዋታ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ማግባቴን እያሰብኩ መጥረጊያዬን አነሳለሁ።

ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር፣ እኔና እሱ አንዲት ጌም ቤት አለችን። ደጇ ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ እሱ ሥር ይቀመጣል። ሕጋችን አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይነሳል። ለዓመታት ሁሉም የሚያውቀውን እግር ኳስ ሲጫወቱ ኖሩ፣ እኔም በሰላም ኖርኩ። ከዚያ ለእረፍት ከውጭ የመጣ የአንድ ተማሪ ዘመድ ሲመለስ አንድ ዲስክ ትቶልን ሄደ። የአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱት፣ ብረት ቆብ መሳይ ነገር ደፍተው፣ ሞላላ ኳስ አቅፈው የሚላተሙበት ነው። መጀመሪያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ኳሱን በእጅ ይዞ የሚሮጥ፣ ዳኛውስ ምን ያያል?» ተባለ። ሕጉን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሲሸናነፉ ግን ማን እንዳሸነፈ ማሽኑ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ለመነሳትና ለመቀመጥ ያ በቃቸው።

ባለቤቴን የያዘው ኳሱ አይደለም። በዚያ ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ስታዲየም፣ ከሁሉም በላይ የራሱ ሙዚቀኞች አሉት። ነጥብ ሲገባ መለከታቸውን ይነፋሉ። የመጀመሪያ ቀን ያንን መለከት ሲሰማ የያዘውን ጆይስቲክ አስቀምጦ ተነሳ።

«እኛም እኮ አለን» አለ።

እውነቱን ነው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ነው እዚህ የቀሩት። እሱ ግን በርታ ነው፣ ከሆሞሻ ወዲያ ባለች መንደር ተወልዶ ያደገ። አባቱ፣ ማለትም አማቴ፣ ዙምባራ ነፊ ናቸው። ዙምባራ ከቅልና ከቀርከሃ እየተጋጠመ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። በእነሱ መንደር አንዱ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሌላ አይወጣውም። ስለዚህ ነፊዎቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ ሁሉም ተራው ሲደርስ የራሱን ጣል ያደርጋል፤ ዜማው ከሁሉም ተለቃቅሞ ይወጣል። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። የአማቴ ዙምባራ ከሁሉም ትልቁ ነው። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚሰማው፤ በሠርጋችን ዕለት ያንን ስሰማ ሆዴን ይዤ ነው የቆምኩት።

እና ወሬው መጣ። በሚወጣው አዲስ እትም ሰው የራሱን ዩኒቨርሲቲ መፍጠር ይችላል ተባለ፤ የራሱን ቀለም፣ የራሱን ዓርማ፣ የራሱን የተቀዳ ድምፅም ያስገባል። ባለቤቴ አበደ። የአሶሳን ቡድን ይፈጥራል፤ ነጥብ በገባ ቁጥር የአባቱ ዙምባራ የአሜሪካን ስታዲየም ያናውጣል። ደንበኞቻችንም አብረው አበዱ። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ግድቡን የያዘ ክልል ውስጥ እየኖርን ብለው ከቀለዱ በኋላ፣ ማንጎው ሥር ወጥተው ዓርማ ላይ ይጣላሉ። ግማሹ ቀርከሃ ይሁን ይላል፣ ግማሹ ማንጎ። «ማንጎ ማንን ያስፈራል?» «የበሰለ ሲወድቅብህ ታያለህ!» እየተባባሉ ሁለት ጓደኛሞች ሳምንት ተኮራረፉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ይሄ ሁሉ ቢሆን እንኳ ስቄ ባለፍኩት ነበር። ያላሳቀኝ የአማቴ ደረት ነው። ሳላቸው ከከረመ ቆይቷል። ትንሽ ዳገት ወጥተው ይቆማሉ፣ መንገድ የሚያዩ መስለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ሐኪም መንፋቱን ይቀንሱ ብሏቸዋል። ያ ድምፅ ዕድሜው አጭር እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

«ሂድና ቅዳው» አልኩት። «ዛሬ። ነገ አትበል።»

«እቀዳለሁ። ግን ጨዋታውን የሚሠሩት ስንት ሰከንድ ድምፅ እንደሚያስገቡ ገና አላሳወቁም።»

«ስንትም ይሁን ቅዳው!»

«ቢረዝምስ? ከመሃል ሲቆረጥ ይበላሻል። ዝርዝሩ ሊወጣ ነው፣ አንቺ ደግሞ አትቸኩይ።»

እናቴ ሳይቃጠል በቅጠል እያለች ያሳደገችኝ ሴት ነኝ። እሱ ደግሞ ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ ይመስል ዝርዝር ይጠብቃል።

የአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሄድን። አማቴ የሐኪሙን ቃል ችላ ብለው፣ ትልቁን ዙምባራ ይዘው ክቡ ውስጥ ገቡ። ነፉ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ቢሆንም ነበር። እኔ ሴቶቹ መሃል ሆኜ ስልኬን አወጣሁ። ባለቤቴ በሕዝቡ መሃል ተጋፍቶ መጥቶ እጄን ዝቅ አደረገው።

«ቆይ፣ በዚህ አይሆንም። ጫጫታው ይገባበታል። ዝርዝሩ ሲወጣ ማይክራፎን ይዘን መጥተን ሥነ ሥርዓት ባለው መንገድ እናደርገዋለን።»

በሰው ሠርግ ላይ አልጮህም ብዬ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ በቁንጽል ይመጣ ጀመር። አንድ ጠዋት ነፋስ የኳሱን አቅጣጫ ያስታል አለኝ። ሌላ ጊዜ ተመልካቹ ሲጮህ የተጋጣሚው እጅ ይንቀጠቀጣል። አሠልጣኝ ከተሸነፈ ይባረራል። አንድ ቀን ደግሞ ቁርስ ላይ ዳቦውን እንደያዘ ፊቱ በራ።

«ይሄን ስሚ፦ የተጫዋቹ ትንፋሽ ስንት እንደቀረ ከሥሩ በመስመር ይታያል! ሲያልቅ ቀይ ይሆናል።»

«የአባትህስ ትንፋሽ? እሱ ስንት እንደቀረው የሚያሳይህ መስመር የለም?»

ዳቦውን አስቀመጠ። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ቢሆን እናገረዋለሁ።

በዚያው ክረምት አማቴን እየደገፉ አሶሳ ሆስፒታል አመጧቸው። ተኝተው ከረሙ፤ ዳኑም፣ ግን ደረታቸው አልዳነም። ሲወጡ ሐኪሙ የመንፋቱን ነገር ይቀንሱ አላለም። ከእንግዲህ የለም አለ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ኸላስ» ብቻ አሉ፣ አለቀ ማለታቸው ነው።

ዝርዝሩ የወጣው እሳቸውን ወደ መንደር ከሸኘን በኋላ ነው። ባለቤቴ ማንጎው ሥር ቆሞ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። የሚያስገቡት ድምፅ እጅግ አጭር ነው። ሠርጉ ላይ እጄን ዝቅ ባያደርገው ኖሮ፣ ያቺው ስልኬ የምትቀዳው ከበቂ በላይ ይሆን ነበር።

በማግስቱ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ጥሩ ማይክራፎን ተውሶ መጣ። «እንሂድ» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አፌን ከፈትኩና ፊቱን ሳይ ተውኩት። ተከትዬው ሄድኩ።

ነፊዎቹ የማሽላ አረማቸውን አቁመው መጡ። አማቴ ጃኬታቸውን ደርበው ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ትልቁ ዙምባራ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። ባለቤቴ ማይክራፎኑን ይዞ እሳቸው አጠገብ ቆመ፣ ክቡ የሚዞረው በዚያ በኩል ስለነበር። እኔ ከተማ ውስጥ እንደለመድኩት ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቀዳዳውን የሚዘጉት መስሎኝ ነበር። የእነሱ ወግ እንዲያ አይደለም። የአማቴን ቦታ አንድ ሰው ሙሉ የሚቆምበት ያህል ክፍት ተዉለት፣ ሲዞሩም ክፍት ቦታው አብሯቸው ዞረ። ተራው እዚያ ሲደርስ ማንም አልነፋም። ዝም። ቀጥሎ ያለው ይቀበላል። ዞሮ ሲመጣ፣ ደግሞ ዝም።

ሲጨርሱ አማቴ ዙምባራውን ለልጃቸው ዘረጉለት።

«አንተ ንፋ።»

«አባ፣ እኔ አልችልም። ነፍቼ አላውቅም።»

«አንድ ድምፅ ነው። አንድ! ምን ይከብዳል?»

ነፋ። ከእናቱ የጠፋ ጥጃ ይመስል አንድ ነገር ወጣው። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ፣ አማቴም እየሳቁ ሳሉ፣ እየሳሉ ሳቁ። ክቡ ውስጥ አስገብተው ሞከሩት፤ ተራው ሁሌ ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው። ይሄንንስ ለማወቅ መንደር ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

አሶሳ ተመልሰን ቀን ላይ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የቀዳውን በጌም ቤቱ ድምፅ ማጉያ ከፈተው። እሱ የነፋበት አይረባም፣ ሳንነጋገር አለፍነው። ያለ አባቱ የነፉትን ከፈተ። ዜማው ዞሮ ዞሮ ክፍት ቦታው ላይ ሲደርስ ባለቤቴ እጁን አነሳ።

«ስሚ።»

መለሰና አጎላው። ዝም ያለ የመሰለኝ ቦታ ዝም አላለም። ማይክራፎኑ እሳቸው አጠገብ ነበርና፣ የሽማግሌ ጉሮሮ ይሰማል። ከንፈር እንደተገጠመ፣ በአፍንጫ፣ ያቺኑ ዝቅ ያለች ድምፅ፣ ልክ በቦታዋ። ዞሮ ሲመጣም አለች። በየዙሩ አለች። አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኛ አጠገባቸው ቆመን ሳንሰማቸው፣ ተራቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለፉም።

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስልኩን አንስቼ መንደር ለአማቴ የደወልኩት እኔ ነኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ እኔንም «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ደቅኜ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ያ ሽማግሌ ማነው፣ የሚያጉረመርም?» አሉኝ። «ተራ ያውቃል።»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ አባ።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ አጭር፣ ከዚያ ረፍት፣ ደግሞ አጭር።

«ታዲያ ያንን እዚያ ጨዋታ አስገባ። እኔም መጥቼ አያለሁ፣ ኢንሻአላህ። መቼ ነው?»

ወደ ባለቤቴ አየሁ። ግድግዳውን እንዳየ ነው። በየጠዋቱ ሲለኝ ደሜን የሚያፈላውን ቃል፣ ለእኒያ ትንፋሽ ላነሳቸው ሰው በራሴ አፍ አልኩት።

«ገና አልወጣም፣ አባ። ትንሽ ይጠብቁ።»