አውቶቡስ ላይ ያገኘሁት ልጅ

የሰፈራችንን ልጅ ሁሉ በኮቴው እለያለሁ ስል የኖርሁ ነኝ። በደርግ ጊዜ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመጣ፣ ማንኩሳ ላይ ወጣት የሚያፍሱ ወታደሮች አውቶቡሱን አስቆሙት። አጠገቤ የተቀመጠው የማላውቀው ጎረምሳ ጭኔ ላይ ተደፋ። በጋቢዬ ሸፈንሁት።

አንድ ወታደር ከበላያችን ቆመ። «ይኼ ማነው?»

«ልጄ ነው፤ ወባ ይዞት ሐኪም ቤት ልወስደው ነው» አልሁ አንገቴን እንደደፋሁ። ጎረምሳው እውነትም እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር «እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ መቼ ወንድ ልጅ ወለዱ?» አለኝ። ክው አልሁ።

ወዲያው ወደ ደጅ «እዚህ የሚወርድ የለም፤ ይለፍ» ብሎ ጮኸ። ሊወርድ ሲል ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእናቴ ደኅና ነው ይበሉልኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት፤ ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ከገበያ ታፍሶ የቀረው፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው የየሺ ልጅ ነበር።