ከሠራተኛው ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ገና ሳይፈርስ ነው። ታናሽ እህቴ ሽማግሌ ሊላክባት መሆኑን ነገረችንና ከሚመጡት ሦስት ሰዎች የዋናውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ።

"የእጮኛዬ አጎት ናቸው። ድሮ ትልቅ እርሻ ይመሩ ነበር" አለች።

ፎቶውን በጣቶቼ አሰፋሁት። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ፊቱ ግን ያው ነው። ስልኩን መለስኩላትና ጓዳ ገባሁ።

እሷ የተወለደችው አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ስለሆነ አታውቀውም። እኔ ያደግኩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በአንድ የአትክልት እርሻ ካምፕ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትራክተር ይነዳል፤ እናቴ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ቤት ታበስላለች። ሠራተኛው ሁሉ የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ውሃ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ሲቀዳ ለብ የሚል። ለሥራ አስኪያጁ ቤት ግን በቦቴ ከደጋ ውሃ ይመጣለታል። የሚጠራቀምበት በርሜል ቁልፍ ነበረው።

የካምፑ ልጆች የወተት ጥርሳችን ረግፎ ሁለተኛው ሲበቅል ቡናማ ሆኖ በቀለ። የአንዳንዱ እንደ ተበላ እንጨት ተቦርቡሮ ነበር። የሥራ አስኪያጁ ልጆች ጥርስ ግን ወተት ይመስላል። እናቴ አንድ ቀን ደፍራ "ጋሼ፣ ለልጄ ከዚህ ውሃ ትንሽ ልውሰድላት?" አለችው። እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ከዚህ በርሜል ለልጆችሽ እንዳትቀጂ" አላት። "የእናንተ ጥርስ የሚበላሸው ስለማትፍቁት ነው።"

ያንን ንግግር ይዤ አደግኩ። ትምህርት ቤት ጫት ትቅማለች ተባልኩ። ኡራኤል አጠገብ አንድ ቢሮ ለእንግዳ ተቀባይነት ተወዳድሬ ስገባ፣ ኃላፊዋ አፌን እያየች "አንቺ ከሰው ጋር የማያገናኝ ቦታ ይሻልሻል" ብላ መዝገብ ቤት መደበችኝ። ስስቅ አፌን መሸፈን ልማዴ ሆነ። በእናቴ ላይ የደረሰው ግን ከኔ ይብሳል። መጀመሪያ ወገቧን አመማት፤ ከዚያ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ፤ ኋላ ጀርባዋ ጎበጠ፤ አንገቷም ደረቀ። ዛሬ ጎኗ ያለውን ሰው ለማየት መላ ሰውነቷን ታዞራለች።

ራጇን ያየው ሐኪም የት እንደኖረች ጠየቀና አልተደነቀም። "ፍሎራይድ ነው" አለ። "የዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ይበዛበታል። በልጅነት ከሆነ ጥርስን ያበላሻል። ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ መገጣጠሚያ ያደርቃል።"

"አፍልተን ብንጠጣው ኖሮስ?" አልኩት።

"ማፍላት አያወጣውም። የደረሰውን ጉዳት ደግሞ የሚመልስ መድኃኒት የለንም። የሚያድነው ሌላ ውሃ መጠጣት ብቻ ነበር።"

ሌላው ውሃ እኮ እናቴ በምታበስልበት ቤት በር ላይ ነበር።

ፎቶውን ባየሁ ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ እርሻው ወረድኩ። ጉድጓዱ አሁንም ይሠራል። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸው የኔ ነው። አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ተመለስኩ። እናቴ የሚመጣው ማን እንደሆነ ሰማችና "ይምጣ" አለች። እህቴ ግን ለመነችኝ።

"በቃ፣ ተይው። ጉዳዬን አታበላሺብኝ።"

"ያንቺን ጉዳይ አልነካም" አልኳት።

ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እሱ መሃል ላይ። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አለ፤ ድምፁ እንደ ማር ነው። በትሪ ውሃ አቀረብኩ፤ ለሁለቱ የታሸገውን፣ ለሱ ያመጣሁትን። ብርጭቆውን እስኪያነሳ ጠበቅሁት።

"ይጠጡ ጋሼ። ከእርሻው የመጣ ነው፤ ከሠራተኛው ጉድጓድ።"

ብርጭቆው አፉ ሳይደርስ ቆመ። እናቴ ከወንበሯ ቀስ ብላ መላ ሰውነቷን ወደሱ አዞረች።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት? እኔን ረሱኝ?"

አልረሳትም። ከፊቱ ደም ሲሸሽ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ብርጭቆውን ትሪው ላይ መለሰው።

"ይሄን ውሃ . . . ማለቴ፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም" አለ።

"ያኔስ ጥሩ ነበር?" አልኩት። አፌን ሳልሸፍን ፈገግ አልኩለት። ጥርሴን አይቶ ዓይኑን መሬት ጣለ።

"ያኔ ብናገር ባለቤቶቹ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። ልጆች ነበሩኝ።"

"በርሜሉን ቆልፉ ብለው ያዘዙዎትም እነሱ ናቸው?" አለች እናቴ። ድምጿን አላነሳችም።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች እሱን ያያሉ፤ እሱ ወለሉን ያያል። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ይህንን ነውና አልቸኮልኩም። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሬ ተናገርኩ።

"ልጁን እንወደዋለን፤ ጥያቄያችሁንም ሰምተናል። እኚህን ሰው ግን በሽማግሌነት አንቀበልም። እሳቸውን ትታችሁ ሌላ ይዛችሁ ኑ።"

ለሽማግሌ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ብቻውን ወጣ፤ ደረጃውን ሲወርድ ማንም አልሸኘውም።

በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሰው ተክተው መጡ፤ ልጅቷ ተፈቀደች። ሰርጉ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አዳራሽ ተደገሰ፤ አጎትየው አልተገኘም። ወሬው ዘመድ አዝማዱን ስላዳረሰ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራው የለም አሉ። እህቴ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈችኝ፤ የእናታችንን ገላ የማጠብ ተራዋ ሲደርስና ያንን ጀርባ በእጇ ስትነካ ኩርፊያው ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ አጎትየው የእርቅ ሰው ላከ። እኔ በሩን ልዘጋ ነበር፤ እናቴ ግን መልስ አላት።

"ራሱ ይምጣና ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኝ። እኔ ቀና ማለት አልችልም።"

እስከ ዛሬ አልመጣም። ባይመጣ ይሻለኛል፤ ከመጣ እሷ ይቅር ትለዋለች።