ቡልቻ ክትባት የጠራ ዕለት

ቡልቻ አቃቂ ውስጥ የዕድር ጥሩምባ መንፋት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በአባቱ የጤፍ ማሳ ላይ መጋዘን ከተሠራ ወዲህ ቀን ቀን የዚያው መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ሰው ሲሞት ግን ማለዳ መንደሩን እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚያሰማው እሱ ነው።

የኮሮና ክትባት በገባበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሙሉአለም ቤቱ ድረስ መጣች።

"ጋሽ ቡልቻ፣ በድምፅ ማጉያ ብንለፍፍም የሚሰማን ጠፋ። የእርስዎን ጥሩምባ ሰምቶ የማይወጣ የለም፤ ነገ ጠዋት አንዴ ይዙሩልን።"

ሚስቱ አደሴ ከጓዳ ሆና ሰማች። አስም አለባት። "እኔም እወጣለሁ፤ ከሁሉም በፊት እኔን ጥራኝ" ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ቡልቻ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ነፋ። ስለ ክትባቱ አፉን ከመክፈቱ በፊት በሮች ተከፈቱ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

"ማን ሞተ?"

አንዷ የታመመች ጎረቤቷን ስም እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ነገሩ ሲገባቸው ስድቡ ወረደበት።

"ገና ሳንወጋ መርዶ ትነግረናለህ?"

"ጋሽ ቡልቻ፣ ድንኳኑንም አብረህ ትከለዋ!" አለው አንድ ጎረምሳ፤ ሰፈሩ ሳቀ።

አደሴ ለባብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። "ዛሬስ ይቅር፤ ገዱ አላማረኝም" አለች። ቡልቻ አልተከራከራትም፤ እሱም ፈርቷል። ከሰዓት በኋላ የዕድሩን ሊቀመንበር አቶ ሳህሌን ሊጠይቁ ሄዱ። ሳህሌ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ሰፈሩ ያለ እሱ ምክር ልጅ አይድርም።

"እርስዎ ምን ይላሉ?" አለችው አደሴ።

"እኔ ምን እላለሁ? ደም ያረጋል የሚሉ አሉ። የተወጋ ሁለት ዓመት አይቆይም የሚሉም አሉ። መጠበቁ አይከፋም።"

"እርስዎስ ይወጋሉ?"

"እስቲ እናያለን" አለ ጢሙን እየዳበሰ።

አደሴ ጠበቀች። ሲስተር ሙሉአለም ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ለመነቻት፤ ሁለቴም "አቶ ሳህሌ ሲወጉ" ብላ መለሰቻት።

ጳጉሜን ላይ ኮሮና ያዛት። ኦክስጂን ያለው አልጋ እስኪለቀቅ ስትጠብቅ፣ በስድስተኛው ቀን ሞተች።

ከቀብሩ በማግስቱ ቡልቻ እህል አልቀምስ አለ። ሳህሌ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ፣ "ለእኔ ስትል" ብሎ በምስር ወጥ አጎረሰው። ከወዲያ አንድ ሰው ሲያስል ለቀስተኛው ሸሸት ሸሸት አለ። ሳህሌ ግን አልተነቃነቀም።

"እርስዎ አይፈሩም?" አለው አንዱ።

"ምን ያስፈራኛል? እኔ ሚያዝያ ላይ ነው የተወጋሁት። ሁለተኛውንም ወስጃለሁ።"

ቡልቻ ማኘኩን አቆመ። ጉርሻውን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ፣ "እኛ እርስዎ ዘንድ የመጣነው ግንቦት ላይ ነው" አለ።

"እና ምን ልበላችሁ? ተወጉ ብዬ አንድ ነገር ብትሆን፣ ሰፈሩ በእኔ ሊያሳብብ? በሰው ነፍስ አልገባም ብዬ ነው።"

ድምፁ ውስጥ እፍረት አልነበረም። እንዲያውም ጥንቃቄውን እንዲያመሰግኑለት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ቡልቻ ጉርሻውን መዳፉ ላይ ተፋው። ጥፋቱ የሳህሌ ብቻ አልነበረም። ሲስተር ሙሉአለም ስትለምን እሱም በር ላይ ቆሞ "አደሴ ለራሷ ታውቃለች" ብሎ ነበር፤ ጣጣው እንዳይደርስበት።

"ተነስ" አለው ሳህሌን።

"ኧረ ቡልቻ፣ ሊቀመንበሩ እኮ ናቸው" አለ አንድ ሽማግሌ።

"ከአደሴ ድንኳን ይውጣልኝ።"

ሳህሌ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ማንም አልሸኘውም፤ ማንም ቡልቻን ደግ አደረግህ አላለውም። ቡልቻ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየ። ከመካከላቸው ስንቱ ተወግቶ ዝም እንዳለ ማን ያውቃል?

ደጅ ወጥቶ ከቧንቧው እጁን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ። ተመልሶ ድንኳን አልገባም። ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ቤት ገባ።

"ከእናንተ ያልተወጋ ማነው? እኔ አልተወጋሁም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ይንገረኝ።"

"ነገ ሠልስት ነው እኮ፤ ለቀስተኛ ይመጣል" አለችው የአደሴ እህት።

"ይምጣ" አለና፣ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጦ መልሳቸውን ጠበቀ።