ጋሽ ወጥቷልና የምስጋናው ወረፋ

የግንባታ ሙያ ኮሌጁ የኢሜይል ሰርቨር የሚኖረው ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠባቂውም እዚያው አብሮት ይኖራል ማለት ይቻላል፤ ወደ ቤቱ የሚሄደው ለመተኛትና ለመጎረር ብቻ ነው። ይህን ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው በግቢው ውስጥ የለም። አስተማሪውም ዘበኛውም «ጋሽ ወጥቷል» ነው የሚሉት። «የላክሁት ኢሜይል አልደረሰም» ብሎ የመጣ ሁሉ፣ ገና አንድ እግሩ ከደጅ ሳለ፣ «ከኛ ወጥቷል፤ ተቀባዩን ጠይቅ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ጋሽ ወጥቷል ይህን ሲናገር ቀና እንኳን አይልም።

እውነቱን ለማወቅ አንዲት አጭር ትእዛዝ መጻፍ ይበቃው ነበር። ትእዛዙ ሲጻፍ ያልሄዱት መልእክቶች ሁሉ በየተራቸው፣ ከነላኪያቸውና ከቆሙበት ምክንያት ጋር፣ ስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ። ጋሽ ወጥቷል ትእዛዙን አሳምሮ ያውቀዋል። ሥራ በጀመረ ሰሞን ወረፋውን አይቶ የአንድ አለቃ ደብዳቤ ቆሞ ቢያገኝ፣ ደስ ብሎት ሊነግር ሮጠ። «ታዲያ ማነው ያቆመው?» አሉት አለቃው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ያላዩት አያስጠይቅም» የሚል እምነት ያዘ፤ እንደዚያ አጥብቆ የያዘው ሌላ እምነትም የለው።

ግቢውም ለመደ። ኢሜይል የላከ ሰው ግልባጩን አትሞ ለተላላኪዋ ይሰጣል፤ እሷም ጉልበቷን እያሻሸች ደረጃውን ትወጣለች። እዚያ ቤት «ኢሜይል ልኬልሃለሁ» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቱ የሚመጣው በተላላኪዋ እጅ ነው። ባለፈች ቁጥር አንገቷን በበሩ ታሰግጋለች።

«ጋሼ፣ ማሽንህ ደህና ዋለ? ተኝቶ ከሆነ አልቀስቅሰው።»

«ሂጂ ወዲያ! ቴክኖሎጂ በአንቺ አፍ ምን ይሠራል?»

«በእኔ አፍማ ምንም። በእኔ እግር ነው እንጂ የሚሄደው!»

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። «የኮሌጁ ጉዳይ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል» ይላል እራት ላይ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሚስቱ ሳህን እያነሳች፣ «እጅህ መግባቱንስ አምኛለሁ፤ የምጠራጠረው ማለፉን ነው» ትለዋለች። እሷን ደፍሮ መልሶላት አያውቅም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሌላ ከተማ ያለ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀበላትና፣ «መምጣትሽን በኢሜይል አረጋግጪ፤ አለዚያ ቦታሽ ለተከታይዋ ይሰጣል» አላት። ቤት ኔትወርክ ስለማይጨበጥ አባቷ ቢሮ መጥታ፣ በአባቷ አድራሻ ላከች።

«ሄደ፣ አባዬ?»

«ወጥቷል» አለ መነጽሩን እየወለወለ። ለልጁም ቢሆን ቀና አላለም።

የማረጋገጫው ቀን ሊያበቃ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ልጅቷ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ደውዬ ነበር። ምንም አልደረሰንም አሉኝ። ሥራ ሳንዘጋ ካልደረሰን ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን አሉ።»

«በነሱ በኩል ይሆናል፤ ከኛ እንደሁ…»

«አባዬ! ወረፋውን ክፈተው።»

«እሱን መክፈት እኮ ሥርዓት…»

«ክፈተው!» ስትል ድምጿ ቁርጥ የእናቷን ሆነ። ጋሽ ወጥቷልም ለዚያ ድምፅ እንደ ለመደው ታዘዘ።

ስክሪኑ መሙላት ጀመረ። ሞላና ወደ ላይ ሸሸ፤ እንደገና ሞላ። ሺህ በሺህ ነው። አባትና ልጅ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩት፣ መልእክቱ ሁሉ የዳይሬክተሩ ነበር። ዳይሬክተሩ እረፍት ሲወጡ፣ ለመጣላቸው ሁሉ በራሱ የሚመልስ ኢሜይል አስተክለው ሄደዋል። «ስለ ክቡር መልእክትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እረፍት ላይ ነኝ» ይላል። የዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊም በዚያው ሳምንት እረፍት ወጥተው እንዲሁ አድርገዋል። የአንዱ ምስጋና ሲደርስ የሌላው ያመሰግናል፤ ለዚያ ምስጋና ደግሞ ያኛው ያመሰግናል። በአካል ሲገናኙ ፊት የሚዟዟሩ ሁለት ሰዎች፣ በሌሉበት ሲመሰጋገኑ ሰነበቱ። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሰልችቶት «ቆይተህ ና» እያለ ይመልሳል፤ የኮሌጁ አሮጌ ማሽንም ያንኑ ምስጋና ተሸክሞ ይመላለሳል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። እዚህ ቤት ሳሩ የተረገጠው ዝሆኖቹ ሲመሰጋገኑ ነው።

የልጅቷ ኢሜይል ከዚያ ሁሉ ምስጋና ሥር ተቀብሮ ነበር።

«ይኸውልህ! ሰርዛቸው፣ አባዬ።»

«የዳይሬክተሩን ደብዳቤ? ያለ ፊርማ? አብደሻል!» ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። ላቡን ጠርጎ ተቀመጠና፣ «ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዎን ከወረፋው እንዳነሣ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ለዳይሬክተሩ ኢሜይል ጻፈ፤ ላከውም።

ልጅቷ ስክሪኑን በጣቷ ነካች። «ያንተም እኮ ከእኔ ኋላ ተሰለፈ።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቁ ነበር።

«ቆይ እስቲ፣ ለምን አንድ ቀን አላየኸውም?» አለች ረጋ ብላ። «እኔ ስጠይቅህ እንኳ?»

ጋሽ ወጥቷል መነጽሩን አወለቀ። ሊዋሽ አስቦ አልሆነለትም። «ካየሁት የእኔ ጉዳይ ይሆናላ፣ ልጄ።»

«እኔስ? የማን ጉዳይ ነኝ?»

ይህን ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አባትየው የቸገረው የዳይሬክተሩ ቁጣ ብቻ አልነበረም። ከምስጋናው ሥር የተቀበረው የግቢው ሁሉ መልእክት ነው፤ መንገዱ ከተከፈተ የልጁ መልእክት ብቻውን አይሄድም። «ወጥቷል» ያለው ሁሉ ዛሬ ሲወጣ ሰው ያያል።

ጀግንነት ያልፈጠረበት ሰው መላ አያጣም። መሰረዝ ሳያስፈልግ መልእክትን ወደ ጎን አድርጎ ማቆየት ይቻል ነበር። «ክቡርነታቸውን አልሰረዝኩም፤ ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው እንጂ» አለ ለራሱ፣ ትእዛዙን ሲጽፍ። ምስጋናው ሁሉ ወደ ጎን ተነሣ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ የልጅቷም መልእክት ከስክሪኑ ላይ ጠፋ።

ልጅቷ ወዲያው ደወለች። «ጠብቂ» አሏት። ጠበቀች። ጥፍሯን ስትበላ አባቷ ከሕፃንነቷ ወዲህ አይቷት አያውቅም ነበር።

«አዎ… አዎ፣ እኔ ነኝ… ደረሳችሁ?» አለችና ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቁጭ አለች፤ መሬት ላይ።

ደስታው ግን ኮሪደሩን አልተሻገረም። ከላይ ፎቅ በር ይበረገዳል፤ ሰው ይጠራራል። ያለፈው ሳምንት የስብሰባ ጥሪ ዛሬ ገብቷል። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው የንድፍ አስተማሪዋ ነበረች፤ «ውጤት በወቅቱ አላስገባሽም» ተብላ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት።

«ውጤቱ ደረሰኝ ብሎ የክፍል ኃላፊው አሁን ደወለልኝ! አሁን! ወጥቷል አላልከኝም?»

«ማለቴ… በቴክኒክ ረገድ ሲታይ…»

«ቴክኒክህን ተወውና እዚህ መቆየቱን ጽፈህ ፈርምልኝ።»

ከኋላዋ ተላላኪዋ መጥታለች፤ ከኋላዋም ሌሎች። «ጻፍላት እንጂ ጋሼ፣ እኔ እወስደዋለሁ» አለች። «በእግር ነው፤ ይደርሳል።» ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ ወጥቷል ልጁን አያት። ልጅቷ ከመሬት ተነሥታ ብዕር አቀበለችው። የሌላ ሰው ፊርማ ሳይጠብቅ፣ መቆየቱንም፣ አለማየቱንም ጻፈ፤ ፈረመበትም። እጁ ስላልለመደ ፊርማው እንደ ተማሪ ጽሑፍ ተንጋደደ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አነገተች።

«እናትሽን ምን ልትያት ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጉንጩን ሳመችው። «መግባቴን እነግራታለሁ። የቀረውን አንተ ትነግራታለህ።»

ሄደች። ጋሽ ወጥቷል በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው ረስቶ፣ ሚስቱ ፊት ወሬውን ከየት እንደሚጀምረው ማሰብ ያዘ። ዳይሬክተሩማ ከእረፍት እስኪመለሱ ገና ናቸው።