አጎቴ ያሰሉት ውሃ

አጎቴ ሶዶ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖሩ። ውሃ ወይም ሙቀት በአንድ ቦታ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚጠይቅ ከባድ እኩልታ ሲገጥማቸው ቦታውን በካሬ ደብተር ላይ በነጥቦች ይከፋፍሉና የእያንዳንዷን ነጥብ ዋጋ በዙሪያዋ ካሉት አራት ጎረቤቶቿ ተነስተው ያሰሉ ነበር። «ጎረቤቶቿን ሳትጠይቂ ስለ ነጥቧ አትናገሪ» ይሉኝ ነበር።

ገሱባ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ሲል የከርሰ ምድሩን ውሃ በዚሁ መንገድ አስልተው እኔ ወደምሠራበት የውሃ ቢሮ መጡ። «ትልቅ ፓምፕ ከገባ ከጉድጓዱ በላይ ያለው ምንጭ ይደርቃል» አሉ። ኃላፊያችን «መምህር፣ ይሄ እኮ የወረቀት ውሃ ነው» ብሎ ሳቀ። ስሌቱን አብሬያቸው ያረጋገጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ፓምፑ በገባ በሁለተኛው በጋ ምንጩ ደረቀ። አጎቴ አልወቀሱኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሌታቸውን አላሳዩኝም። አሁን አጎቴ አርፈዋል፤ ጠረጴዛቸው ባዶ ነው። በለቅሶው ድንኳን ኃላፊው ተነስቶ «ምክራቸው አይረሳንም» ሲል፣ እኔ እንደዚያ ቀን እንደገና አንገቴን ደፋሁ።