«በሽታ የለም» የተባለበት ክረምት

የእርጥብ ኖራ ሽታ እስከ ዛሬ አልወድም። ሰው ግድግዳውን አስቀብቶ «እሰይ፣ ቤቱ ጸዳ» ሲል፣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እሸሻለሁ፤ ወዲያው ያ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ክረምት፣ መንገድ ዳር ተደርድረው በኖራ የተለቀለቁት ድንጋዮች፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በኩራት የሚጎበኛቸው የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ይመጡብኛል።

እናቴ ከወሎ መጥታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍታ ነበር። አባቴ ሰይድ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር፤ እጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ሰው ሁሉ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣ ነበር፣ እሱም በዚሁ ይኮፈስ ነበር። በበጋ፣ አምስት ዓመት የሆናት እህቴ ዘይነባ ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ እየሳቀች እናቴ ቀሚስ ውስጥ ትገባ ነበር። ፋጡማ የምትባል አፋር ወተት ሻጭ በየማለዳው ስትመጣ፣ በአገሩ ወግ ወተቱን ከመስፈሯ በፊት ከእናቴ ጋር ዳጉ ትቀመጥ ነበር። ዳጉ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መነጋገር ነው፤ በዳጉ የዋሸ ከሰው አይቆጠርም።

ክረምት ገብቶ ጎርፉ የሽንት ቤቱን ጉድ ሁሉ ጠርጎ ወደምንቀዳበት ጉድጓድ ከተተውና፣ በነሐሴ ሰው በተቅማጥና በትውከት ይረግፍ ጀመር። ማለዳ ደህና የነበረ ለመግሪብ ሶላት ሬሳ ይሆን ነበር። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ «ኮሌራ የሚባል በሽታ የለም! ይህ አብዮታችንን ለማጥላላት አድኃሪያን የሚነዙት ወሬ ነው» አለን። ይህን ባለ በማግስቱ የራሱን ሚስትና ልጆች በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሸኘ፤ ጀግና! ለሽንት ቤቶች ይነስነስ ተብሎ የመጣውን ኖራ ደግሞ ለአብዮት በዓል ድንጋይ አስቀባበት። ጎረቤቶቻችን ቤታቸው በሽተኛ አስተኝተው ድንጋይ ሲቀቡ ይውሉ ነበር።

እናቴ ሄዳ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ለሽንት ቤታችን አንድ ጣሳ ብቻ ይስጡኝ» አለችው።

«ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከተማዋ አምራ መታየት አለባት» ብሎ መለሳት።

ዘይነባ በጳጉሜን፣ ሐሙስ ማለዳ ታመመች። እናቴ የሩዝ ውሃ በማንኪያ ስታጠጣት፣ ልጅቷ ወዲያው ስትመልሰው፣ ዓይኗ እየጎደጎደ ሄዶ ለዐስር ሶላት ሳትደርስ ሞተች። በማግስቱ ለአባቴ ምሳ ይዤለት ቢሮው ብሄድ፣ የሟቾች መዝገብ ተገልጦ፣ ሊቀመንበሩ ከኋላው ቆሞ «ወባ ብለህ ጻፍ» ሲለው ደረስኩ። አባቴ ብዕሩን ነክሮ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ፣ አንዲት ፊደል ሳያበላሽ «ወባ» ብሎ ጻፈ።

ያየሁትን ለእናቴ ነገርኳት። ማታ ሲገባ «የልጅህን ሞት እንኳ ዋሸህ? ወላሂ፣ አንተን ብሎ አባት!» አለችው። «ዝም በይ፣ ቤታችንን ልታስፈርሺ ነው?» አላትና እራቱን በላ።

በነጋው ፋጡማ ስትመጣ እናቴ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ የሞተችውን፣ ቀኑን፣ በሽታውን ከነስሙ፣ የጉድጓዱን ውሃ። ፋጡማ ወተቷን ይዛ ተመለሰች፤ ዳጉውን ስትነግራቸው ሰፈሯ በሙሉ ከብቱን ነድቶ ከከተማው ራቀ። በመስከረም እንግዶቹ መጥተው በነጫጭ ድንጋዮች መሀል ሲያልፉ እኛ አጨበጨብን። ፊደል ያልቆጠረችው ፋጡማ ሰፈሯን አዳነች፤ ባለጽሑፉ አባቴ የልጁን ሞት እንኳ በስሙ መጥራት አቃተው። ሊቀመንበሩንስ መጥላት ይበቃኝ ነበር፤ አባቴን ግን ናቅኩት፣ እስኪሞትም ድረስ ከንቀቴ አልተመለስኩም።

በቅርቡ ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ ሄደ። የዚህኛው በሽታ በስሙ ይጠራ ነበር፣ ሬዲዮው ጠዋት ማታ ስሙን ሲያነሳ ይውል ነበር፣ እጅ ታጠቡ የሚል እንጂ ዝም በሉ የሚል አልነበረም። ልጄም ቤት ተዘግተን የከረምንበትን ጊዜ፣ የኔን ሳል ሳይቀር፣ ለልጅ ልጅ ይቆይ ብላ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ወደ አፌ አስጠግታ «እማዬ፣ በእናንተ ልጅነት እንዲህ ያለ በሽታ ነበር?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት።

ሳላስበው ከአፌ አፈትልኮ ወጣ። አፈርኩ፤ ያን ሁሉ ዓመት ማንን ስንቅ እንደኖርኩ ግራ ገባኝ። «እንደገና ክፈቺው» አልኳትና ዘይነባን ከስሟ ጀምሬ ነገርኳት። ስጨርስ ልጄ «አልነበረም» ያልኩበትን የመጀመሪያውን ቅጂ ልታጠፋ ስትል እጇን ያዝኳት። የአባቴን ውሸት ማንም አላጠፋለትም፤ የኔም ይቀመጥ።